የቆሮሶ ኩሬ ወርኃዊ ናሙና አወሳሰድና የቀን መኖ አሰላል

"ለዓሦቼ በቀን ስንት ኪሎ መኖ ልስጥ?" የሚለው ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ነው። የሚጠይቁኝ ከ100 እስከ 300 ካሬ ሜትር የሚሆን የአፈር ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶ የጨመሩ አርሶ አደሮችና ወጣቶች፣ እንዲሁም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው በኩሬ ላይ የዕድገት ሙከራ የሚያካሂዱ ተማሪዎች ናቸው። ለሁሉም የሚሆን አንድ የተቆረጠ ቁጥር የለም። የመኖው መጠን የሚወሰነው ዛሬ በኩሬው ውስጥ ባለው የዓሣ ጠቅላላ ክብደት ሲሆን፣ ይህ ክብደት ደግሞ በየሳምንቱ ይለወጣል። ስለዚህ እኔም "አሁን አንዱ ዓሣ በአማካይ ስንት ግራም ይመዝናል?" ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መልስ አላገኝም። ይህ መመሪያ ያንን መልስ በገዛ እጅዎ እንዴት እንደሚያገኙና ወደ መኖ መጠን እንዴት እንደሚለውጡት ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

መመሪያው የተጻፈው በሳይንሱ ናይል ቲላፒያ ለሚባለው፣ በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች ለሚገኘው ለቆሮሶ ነው። አምባዛና ካርፕ ለሚያረቡ ሰዎች የናሙና አወሳሰዱ ተመሳሳይ ነው፤ የመኖ መቶኛው ግን ስለሚለያይ ከዚህ ላይ አይውሰዱ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ከኩሬው ወርድ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ የሚረዝም ጎታች መረብ። ከላይ ተንሳፋፊ፣ ከታች ክብደት የታሰረበት ሆኖ ዓይኑ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ይሁን። መረቡ ከኩሬው ወርድ ጋር እኩል ከሆነ ሲጎተት ስለሚወጠር ዓሦቹ በሁለቱ ጫፎች በኩል ያመልጣሉ።
- እጀታ ያለው፣ ክሩ ለስላሳ የሆነ ትንሽ መረብ።
- ሁለት ባለ 20 ሊትር ባልዲዎችና አንድ ትልቅ ሳፋ።
- እስከ 10 ኪሎ የሚመዝንና 1 ግራምን የሚለይ ዲጂታል ሚዛን። የኩሽና ሚዛን በቂ ነው፤ ነገር ግን እስከ 5 ኪሎ ብቻ የሚመዝን ከሆነ በባልዲው ውስጥ የሚጨምሩትን ውሃ ይቀንሱ።
- የርዝመት መለኪያ ሰሌዳ። ለስላሳ ጣውላ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ለጥፈው በዜሮው ጫፍ ላይ የዓሣው አፍ የሚነካው ትንሽ ጣውላ በቀጥታ አቁመው ይምቱበት።
- የውሃ ቴርሞሜትር።
- የውሃ ጥራት መለኪያ ሳህን። አሠራሩ ከዚህ በታች ተገልጿል።
- የምግብ ጨው፣ ከጉልበት በላይ የሚደርስ ቦት ጫማ፣ ደብተርና እርሳስ። በእስክሪብቶ የተጻፈ በውሃ ስለሚለቅ እርሳስ ይመረጣል።

የውሃ ጥራት መለኪያውን ከአሮጌ የባልዲ ክዳን መሥራት ይቻላል። ክዳኑን 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ቆርጠው፣ እንደ ዳቦ አራት ቦታ ከፍለው፣ ክፍሎቹን አንዱን ጥቁር አንዱን ነጭ እያደረጉ ይቀቡት። ከሥሩ ድንጋይ ወይም ብረት ያስሩበትና መሐሉን በስተው ገመድ ያስገቡ፤ ገመዱ ላይ ከሳህኑ ጀምሮ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ያድርጉ። ሳህኑን ቀስ ብለው ወደ ውሃው ሲያወርዱ ከዓይንዎ የሚሰወርበትን ጥልቀትና ወደ ላይ ሲስቡት እንደገና የሚታይበትን ጥልቀት ይዘው የሁለቱን አማካይ ይመዝግቡ። ይህ ቁጥር ለዓሣው የተፈጥሮ ምግብ የሆነው አረንጓዴ ደቂቅ ዕፅ በውሃው ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ በግምት ይነግርዎታል።

ከመጀመርዎ በፊት ልብ ይበሉ

በአገራችን ብዙ የውሃ ዳርቻዎች የቢልሃርዝያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ይገኛሉ፤ በሽታው የሚይዘው ደግሞ ውሃው ቆዳን ሲነካ ነው። ባዶ እግርዎን ወደ ኩሬ አይግቡ፤ ልጆችንም አያስገቡ። በኩሬው ዳር የበቀለውን ሣርና ደንገል ማጨድ ቀንድ አውጣዎቹን ለመቀነስ ይረዳል።

ዓሦቹ ከውሃው ወለል ላይ አፋቸውን ከፍተው አየር ሲለምኑ ካዩ በዚያ ቀን ናሙና አይውሰዱ። ኦክስጅን ባነሰበት ሰዓት መረብ መጎተት የታችኛውን ጭቃ ስለሚያነሣ ያለችውን ኦክስጅን ጨርሶ ያጠፋታል።

ዓሣን በደረቅ እጅ ወይም በደረቅ ጨርቅ አይያዙ። በቅርፊቱ ላይ ያለው የሚያሟልጭ ሽፋን ከሻጋታና ከባክቴሪያ የሚከላከልለት ነው፤ ያ ሽፋን የተላጠበት ዓሣ ከቀናት በኋላ በዚያው ቦታ ላይ ነጭ ጥጥ መሰል ሻጋታ ያወጣል።

አሠራር

1. ቀኑንና ሰዓቱን ይወስኑ። ለአርቢ በየ30 ቀኑ፣ ለጥናት ተማሪ ደግሞ በየ15 ቀኑ መመዘን ይበቃል። ከዚያ በላይ ማዘውተር ዓሦቹን ስለሚያስጨንቅ ራሱ ዕድገታቸውን ይገታል። የሚመረጠው ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው። ብዙ ሰዎች "ብርድ ሳለ ይሻላል" ብለው ጎህ ሲቀድ ይጀምራሉ፤ ይህ አደገኛ ነው። በሌሊት ዕፅዋቱም ዓሦቹም ኦክስጅን ሲጠቀሙ ስለሚያድሩ፣ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዝቅተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ከ2 ሰዓት በኋላ ብርሃን አግኝተው ዕፅዋቱ ኦክስጅን ማምረት ይጀምራሉ፤ ሙቀቱም ገና አልበረታም።

2. ከናሙናው በፊት ለ24 ሰዓት መኖ ያቋርጡ። ሆዱ የሞላ ዓሣ ከእውነተኛ ክብደቱ በላይ ይመዝናል፤ በባልዲ ውስጥም ኩሱን ስለሚጥል ውሃውን በአሞኒያ ይበክለዋል። ባለፈው ወር ጦማቸውን፣ በዚህ ወር ጠግበው የመዘኗቸውን ዓሦች ማነጻጸር ትርጉም አይኖረውም።

3. መረቡ ውሃውን ሳያደፈርስ በፊት የውሃውን ሙቀትና ጥራት ይለኩ። ቴርሞሜትሩን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ እንዲገባ ያድርጉ፤ ከላይ ያለው ውሃ ፀሐይ ስለሚያሞቀው ያታልላል። በጥራት መለኪያው ከ25 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ካገኙ ኩሬው በመልካም ሁኔታ ላይ ነው። ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ አልጌው በዝቷልና የሌሊት የኦክስጅን እጥረት ያሠጋል፤ ፍግ መጨመርዎን ያቁሙ፣ መኖውንም ቀንሰው የተወሰነውን ውሃ በንጹሕ ይለውጡ። ከ45 በላይ ከሆነና ውሃው የጠራ ከሆነ ደግሞ የተፈጥሮ ምግቡ አንሷል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ይለዩ፦ ከዝናብ በኋላ ውሃው ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ ሳህኑን የሰወረው አፈር እንጂ አልጌ ስላልሆነ ይህ ልኬት አይሠራም።

4. መረቡን ከኩሬው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ይጎትቱ። በዚህ ደረጃ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብዙዎች ስሌት የሚበላሸው እዚህ ነው። ቆሮሶ በሚመገብበት ቦታ የኃይል ሚዛን አለ፤ ትልልቆቹ፣ በተለይ ወንዶቹ፣ መኖ ወደሚጣልበት ጥግ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ትንንሾቹ ከዳር ይቀራሉ። ስለዚህ መኖ በትነው የተሰበሰቡትን በእጅ መረብ ጨልፈው ቢመዝኑ የኩሬዎን ሳይሆን የጉልበተኞቹን አማካይ ነው የሚያገኙት። በባሕር ዳር አካባቢ በአንድ ኩሬ ላይ እኔ ራሴ ይህን ስሕተት ሠርቻለሁ፦ ከመመገቢያው ጥግ የያዝኳቸው ዓሦች በአማካይ 92 ግራም መዘኑ፤ በዚያ ቁጥር መኖ አሰላን። ከሁለት ወር በኋላ ኩሬው ሲፈስስ ዓሦቹ በአማካይ ገና 58 ግራም ነበሩ። ያ ሁሉ ጊዜ ከሚገባው በላይ የተሰጠው መኖ ታች በስብሶ ውሃውን እንደ ጎመን ቀቅል አረንጓዴ አድርጎት፣ አንድ ማለዳ ብዙ ዓሣ ሞቶ ተገኘ። የባለቤቱን ፊት እስካሁን አልረሳውም፤ ይህን ደረጃ አብዝቼ የምናገረውም ለዚህ ነው።

   ስለዚህ ሁለት ሰዎች በሁለቱ ዳር ሆነው፣ የመረቡን የታች ገመድ ከጭቃው ሳያነሡ፣ በዝግታ ኩሬውን ሙሉ ለሙሉ ይጥረጉት። አንድ ጉተታ ሁሉንም ዓሣ አይዝም፤ ቆሮሶ ጭቃ ውስጥ ሰርጎ መረቡን የማሳለፍ ልማድ አለው። ዋናው ግን ከሁሉም የኩሬው ክፍል መድረሱ ነው። መረቡ ዳር ሲደርስ ዓሦቹን ከውሃ አያውጡ፤ መረቡን እንደ ከረጢት ይዘው ግማሹን ውሃ ውስጥ ያቆዩት።

5. ከመረቡ ውስጥ ሳይመርጡ ይጨልፉ። ዓይን ሳያውቀው ትልቁን ይመርጣል፤ እጅም ዓይንን ይከተላል። ስለዚህ ትንሹን መረብ ከታች ወደ ላይ አንድ ጊዜ ጨልፈው የገባውን ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ወደ ሳፋው ይጨምሩ። በድምሩ ቢያንስ ከ30 እስከ 50 ዓሣ ያስፈልግዎታል። ከ30 በታች ከሆነ አንድ ሁለት ትልልቅ ዓሦች አማካዩን ወደ ላይ ይጎትቱታል። በቅርቡ የተፈለፈሉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጫጩቶች ከገቡ አይጣሏቸው፤ ግን ለብቻ ይቁጠሯቸው፤ ወደ አማካዩ አይግቡ።

   በሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ የኩሬው ውሃ ይሁን፤ በ1 ሊትር 5 ግራም ያህል ጨው ይጨምሩበት፤ ለ20 ሊትር 100 ግራም ማለት ነው። ዓሣ ሲያዝ ሲጨነቅ ከደሙ ጨው ወደ ውሃው ስለሚፈስስ፣ የውሃው ጨው ያንን ፍሰት ይቀንስለታል።

6. በባልዲ ይመዝኑ። ባልዲውን እስከ ሩቡ ውሃ ሞልተው ሚዛን ላይ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ከ10 እስከ 15 ዓሣ በትንሹ መረብ ይዘው፣ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ እስከ አምስት ቆጥረው፣ እየቆጠሩ ወደ ባልዲው ያስገቡ። ቁጥሩንና ክብደቱን ወዲያው ይጻፉ። ይህን ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ለምሳሌ እንዲህ ያገኙ እንበል፦

   - አንደኛው ባልዲ፦ 14 ዓሣ፣ 630 ግራም
   - ሁለተኛው ባልዲ፦ 13 ዓሣ፣ 611 ግራም
   - ሦስተኛው ባልዲ፦ 13 ዓሣ፣ 599 ግራም

   በድምሩ 40 ዓሣ 1,840 ግራም ስለሆነ አማካዩ 46 ግራም ነው። የየባልዲው አማካይ 45፣ 47 እና 46 መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ተቀራርበዋልና ናሙናው የሚታመን ነው። ከባልዲዎቹ አንዱ ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ከራቀ አራተኛ ባልዲ ይመዝኑ።

7. ከመካከላቸው 20 ያህሉን አንድ በአንድ ርዝመትና ክብደት ይለኩ። ጊዜ የሌለው አርቢ ይህን ሊያልፈው ይችላል፤ ተማሪ ግን ሊያልፈው አይገባም። የዓሣውን አፍ ከቆመችው ጣውላ አስነክተው፣ የጭራውን ሁለት ጫፎች በጣት ገጠም አድርገው፣ እስከ ጭራው መጨረሻ ያለውን ሙሉ ርዝመት ያንብቡ። ከዚያም ክብደቱን በግራም በ100 አባዝተው ለርዝመቱ ኩብ ያካፍሉ። ርዝመቱ 13.5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 46 ግራም የሆነ ዓሣ 4,600 ለ2,460 ሲካፈል 1.87 ይሰጣል፤ ይህ ለቆሮሶ መልካም የሰውነት ሁኔታ ነው። ርዝመቱ ያው 13.5 ሆኖ ክብደቱ 37 ግራም ቢሆን ውጤቱ 1.50 ይሆናል፤ ያ ዓሣ ሲያዩት ጭንቅላቱ ከአካሉ ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ ከስቷል ማለት ነው። ይህ ቁጥር የሚጠቅመው አማካይ ክብደት ብቻውን የማይለየውን ነገር ስለሚለይ ነው፦ ትንሽ ግን የጠገበ ዓሣ ጊዜ ይፈልጋል፤ ረጅም ግን የከሳ ዓሣ መኖ ይፈልጋል ወይም ታሟል።

8. ጾታቸውንና የመራባት ምልክታቸውን ይመልከቱ። በሆዱ በኩል ከፊንጢጣው ኋላ ትንሽ ጉብታ አለች። በወንዱ ጉብታ ጫፍ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለ፤ በሴቷ ጉብታ ላይ ግን ከጫፉ ቀዳዳ በተጨማሪ መሐሉን ወደ ጎን የሚያቋርጥ ስንጥቅ ይታያል፤ እንቁላል የሚወጣው በዚያ ነው። ከ25 ግራም በላይ በሆነ ዓሣ ላይ በጥሩ ብርሃን ሊለይ ይችላል። ስንጥቁ ካልታየዎት አንዲት ጠብታ የምግብ ቀለም ይቀቡበት። አንዳንዶች በየክሊኒኩ የሚገኘውን ሐምራዊ የቁስል ቀለም ይጠቀማሉ፤ ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ በብዙ አገሮች የተከለከለ ስለሆነ አይጠቀሙበት።

   የቆሮሶ እናት እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ውስጥ ነው። መንጋጋዋ ከሥር አብጦ አፏን ግጥም አድርጋ የዘጋች ዓሣ ካገኙ በእርጋታ ይያዟት፤ ከደነገጠች የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ብርቱካናማ ቢጫ እንቁላሎችን በአንድ ጊዜ ትተፋለች። እንዲህ ያለች እናት በታቀፈችበት ጊዜ ሁሉ አትበላም ማለት ይቻላል፤ አታድግምም። በኩሬ ውስጥ ያሉ ሴቶች ገና 30 እና 40 ግራም ሳሉ መራባት ስለሚጀምሩ ዕድገታቸው ከወንዶቹ ወደ ኋላ የሚቀረው ለዚህ ነው። ስንት ሴት፣ ስንት ወንድ፣ ስንት የታቀፈች፣ ስንት ጫጩት እንዳዩ ይመዝግቡ።

9. ወዲያው ይልቀቋቸው። ከመረብ እስከ መልስ ከ30 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ባልዲውን ከኩሬው ዳር ውሃ ውስጥ አጋድመው በራሳቸው ዋኝተው እንዲወጡ ይተዉአቸው፤ ከላይ አይወርውሯቸው። በዚያን ዕለት መኖ አይስጡ፤ በማግስቱ በግማሽ ይጀምሩ።

10. የዓሣውን ጠቅላላ ክብደትና የቀኑን መኖ ያሰሉ። በ200 ካሬ ሜትር ኩሬ 400 ጫጩት፣ ማለትም በካሬ ሜትር 2 ዓሣ፣ ጨምረው ነበር እንበል። ሞተው ያገኟቸውን ቀንሰው፣ ወፍና እንቁራሪት በድብቅ የወሰዱትንም ገምተው፣ ከ10 በመቶ ያላነሰ ኪሳራ ይያዙ፤ 360 ቀርተዋል ማለት ነው። 360 ሲባዛ በ46 ግራም 16,560 ግራም ወይም 16.56 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ በየቀኑ የሚሰጠው መቶኛ በዓሣው መጠን ይወሰናል፦

    - ከ10 እስከ 20 ግራም፦ 6 በመቶ
    - ከ20 እስከ 40 ግራም፦ 5 በመቶ
    - ከ40 እስከ 100 ግራም፦ 4 በመቶ
    - ከ100 እስከ 200 ግራም፦ 3 በመቶ
    - ከ200 ግራም በላይ፦ 2 በመቶ

    መቶኛው እየቀነሰ የሚሄደው ትንሽ ዓሣ ከአካሉ አንጻር ብዙ ጉልበት ስለሚያቃጥልና ፈጥኖ ስለሚያድግ ነው። በምሳሌያችን 16.56 ኪሎ ሲባዛ በ4 በመቶ 662 ግራም ይሆናል። ይህን ለሁለት ከፍለው 331 ግራም ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ የቀረውን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይስጡ። ቆሮሶ ሆዱ ትንሽ፣ አንጀቱ ግን ረጅም ስለሆነ አንዴ ብዙ ከሚጫንበት ይልቅ ከፋፍሎ ቢሰጠው ይጠቀምበታል። መኖው ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ የሚዘጋጅ ከሆነ ዱቄቱን በደረቁ አይበትኑት፤ ግማሹ ሳይበላ ይሰምጣል። በጥቂት ሙቅ ውሃ ለውሰው በእጅ ጨብጠው ቢለቁት የማይፈርስ ሊጥ ያድርጉት፤ በመመገቢያ ሳህን ወይም በተንጠለጠለ ሰፊ ትሪ ላይ ቢሰጡት የተረፈውን ማየት ይቻላል። የሻገተ ፋጉሎ ፈጽሞ አይስጡ፤ በሻጋታው ውስጥ የሚገኘው መርዝ የዓሣውን ጉበት ይጎዳል።

11. በሙቀቱ ያስተካክሉ። ከላይ ያለው መቶኛ ውሃው 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነበት ቦታ የሚሠራ ነው። የቆሮሶ ምቹ ሙቀት ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ የምግብ ፍላጎቱም፣ የመፍጨት ችሎታውም አብሮ ይወርዳል። በእኔ አሠራር ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሲሆን የተሰላውን መኖ ወደ ግማሽ አወርደዋለሁ፤ ከ17 እስከ 20 ሲሆን ሩቡን ብቻ፣ እሱንም ውሃው ከሞቀ በኋላ ከቀትር ወዲያ እሰጣለሁ፤ ከ17 በታች ምንም አልሰጥም። የዓሣ ምርምር ማዕከል እንዳለበት እንደ ሰበታ ባለ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ በሆነ ደጋ ላይ የሚያረባ ሰው ይህን ደረጃ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅበት ይገባል፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የውርጭ ሌሊቶች። በደጋ ውሃ የቆላውን ያህል መኖ መስጠት ዓሣውን አያሳድገውም።

12. ካለፈው ወር ጋር ያነጻጽሩ። ከ30 ቀን በኋላ እንደገና ሲመዝኑ አማካዩ 78 ግራም ቢሆን 78 ሲቀነስ 46፣ ለ30 ቀን ሲካፈል፣ በቀን 1.07 ግራም አድጓል። በወሩ መሐል፣ በ15ኛው ቀን፣ በቀን 1 ግራም ይጨምራል ብለው አማካዩን ወደ 61 ግራም ከፍ ቢያደርጉ የቀኑ መኖ 878 ግራም ይሆናል። በወሩ የተሰጠው መኖ እንግዲህ 15 ቀን በ662 እና 15 ቀን በ878 ግራም ተደምሮ 23.1 ኪሎ ነው። ዓሦቹ የጨመሩት 360 በ32 ግራም፣ ማለትም 11.52 ኪሎ ነው። 23.1 ለ11.52 ሲካፈል 2 ገደማ ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ዓሣ ለማግኘት ሁለት ኪሎ መኖ ወጥቷል። በቤት ውስጥ ለተዘጋጀ መኖ ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ከ3 በላይ ከሆነ መኖው እየባከነ ነው፣ ወይም ያልቆጠሯቸው አፎች እየበሉት ነው።

ቁጥሮቹ መጥፎ ሲሆኑ ምን ይደረግ?

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ዕድገት ቆሞ፣ ለአንድ ኪሎ ዓሣ የሚወጣው መኖ ከፍ ብሎ፣ ጫጩት የበዛበት ኩሬ ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው መኖ ይጨምራል፤ ያ የባሰ ያደርገዋል፤ ምክንያቱም የተጨመረው መኖ የሚመግበው አዲሱን መንጋ ነው። በ8ኛው ደረጃ የመዘገቡት መረጃ የሚያስፈልግዎ ለዚህ ነው። ከ40 ዓሣ ውስጥ ሴቶቹ ግማሽ ከሆኑና በጉተታው ሁሉ ጫጩት የሚገባ ከሆነ፣ ዓይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ጫጩቶቹን በየሁለት ሳምንቱ ከኩሬው ዳር ያውጡ፤ ደርቀው ለዶሮ መኖ ይሆናሉ። ሌላው መንገድ ከ10 እስከ 20 ለሚሆን ቆሮሶ አንድ አምባዛ መጨመር ነው። አምባዛው ግን ሲገባ ከዋናዎቹ ቆሮሶዎች ማነስ አለበት፤ አለዚያ ጫጩቶቹን ትቶ እነሱን ይውጣቸዋል። አምባዛ አየር ስለሚተነፍስ በዝናብ ሌሊት ከኩሬ ወጥቶ በሣር ላይ ሊጓዝ ይችላልና ዳሩ ከፍ ያለ ይሁን። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ 25 ግራም ሲሞላቸው ሴቶቹን ለይተው ያውጡና ወንዶቹን ብቻ ያሳድጉ።

ጫጩት ሳይኖር ዕድገቱ ከቆመና በ7ኛው ደረጃ ያገኙት ቁጥር ከ1.6 በታች ከወረደ፣ ስንጥባቸውን ከፍተው ይመልከቱ። ጤናማ ስንጥብ ደማቅ ቀይ ነው፤ የገረጣ፣ የቆሰለ ወይም ነጭ ነጥብ ያለበት ከሆነ ጉዳዩ የበሽታ ስለሆነ የመኖ መጠን በመለወጥ አይፈታም፤ በአቅራቢያዎ ያለ የዓሣ ባለሙያ በሕይወት ያለውን ዓሣ ያሳዩ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ጫጩት በገባ ዕለት የተሰላውን መኖ ወሩን ሙሉ፣ አንዳንዴም ዓመቱን ሙሉ መስጠት። "እስከበሉ ድረስ ልስጣቸው" ማለት፦ ቆሮሶ ጠግቦም መኖ ሲያይ ይመጣል፤ ወደ ላይ መምጣቱ የረሃብ ምልክት አይደለም። ውሃ ያዘለ መረብ ከዓሣው ጋር መመዘን፦ በ40 ዓሣ ላይ 300 ግራም ውሃ ቢጨመር የእያንዳንዱ አማካይ በ7.5 ግራም ይዋሻል። ሙሉ ርዝመትን በአንድ ወር፣ እስከ ጭራው ሥር ያለውን ደግሞ በሌላ ወር መለካት፦ ተማሪዎች ሁለት ሆነው በየተራ ሲለኩ ይህ በብዛት ይከሰታልና ለካቹን ሰው አይቀያይሩ።

አማካይን ብቻ ማመንም ስሕተት ነው። ግማሾቹ 20፣ ግማሾቹ 72 ግራም የሆኑበት ኩሬም አማካዩ 46 ነው፤ ለዚያ ኩሬ ግን የ46 ግራም መኖ ለማንኛቸውም ልክ አይሆንም። የለኳቸውን 20 ዓሦች በየ10 ግራሙ ከፋፍለው በደብተርዎ ላይ በጭረት ይቁጠሩ፤ ጭረቶቹ በአንድ ቦታ ከተከመሩ ዓሦቹ እኩያ ናቸው፤ በሁለት ቦታ ከተከመሩ ለሁለት የሚከፈል መንጋ አለዎት።

በመጨረሻም መረቡን ከአንዱ ኩሬ አውጥቶ ሳያደርቁ ወደ ጎረቤት ኩሬ መውሰድ አለ። የዓሣ በሽታና የተባይ እንቁላል በእርጥብ መረብ ይጓዛል። መረቡን አጥበው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ በዚያው ዕለትም የኩሬውን የውሃ መውጫ ወንፊት ይፈትሹ። ጎታች መረብ የቀሰቀሳቸው ዓሦች በተቀደደ ወንፊት ወደ ወንዝ ያመልጣሉ፤ ከሌላ ቦታ የመጣ የኩሬ ቆሮሶ ደግሞ በአካባቢው ሐይቅ ካለው ዘር ጋር ከተቀላቀለ በኋላ መልሶ መለየት አይቻልም።